ፎቶ ጋዜጠኛ ዘገባውንም ይጽፋልን?

ጥያቄ፦ በጋዜጦች ላይ ከዘገባው ራስጌ የአንድ ሰው ስም፣ ከፎቶግራፉ ሥር ደግሞ የሌላ ሰው ስም ሰፍሮ አያለሁ፤ አልፎ አልፎ ግን ሁለቱም አንድ ሰው ይሆናሉ። ፎቶ ጋዜጠኞች ከምስሎቻቸው ጋር የሚወጣውን ጽሑፍ ራሳቸው ይጽፋሉን? ፎቶግራፍ ማንሳት እወዳለሁ፤ መጻፍ ግን ይከብደኛል። በሙያው ልሰማራ እችላለሁን?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ረጅሙን ዘገባ ብዙውን ጊዜ አይጽፉም፤ ከፎቶግራፉ ሥር የሚሰፍረውን አጭር መግለጫ ግን ይጽፋሉ። ይህ መግለጫ በአንባቢ ዘንድ እንደ ትንሽ ነገር ቢታይም፣ በእኔ እምነት የሙያው ግማሽ ነው።

የሥራ ክፍፍሉን ለመረዳት በ1977ቱ ድርቅ ከኮረም የተላለፈውን ዘገባ ማስታወስ ይበቃል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየውንና ዓለምን ያስደነገጠውን ምስል የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ሲሆን፣ ቃሉን ጽፎ ያነበበው ማይክል በርክ ነበር። በጋዜጣም ልማዱ ተመሳሳይ ነው፤ ዘጋቢው ሰዎችን ሲያነጋግርና ሰነድ ሲያገላብጥ ፎቶ ጋዜጠኛው ዐይኑን ከሁኔታው ላይ ሊነቅል አይገባውም።

በዜና ወኪሎች አሠራር ግን ፎቶ ጋዜጠኛው ምስሉን ለአዘጋጆች የሚልከው ማን፣ ምን፣ የትና መቼ የሚሉትን ከሚመልስ መግለጫ ጋር ነው። አዘጋጁ ቋንቋውን ሊያቃና ይችላል፤ በቦታው ስላልነበረ ግን የሰውየውን ወይም የመንደሩን ስም ከየትም ሊያመጣው አይችልም። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ስላለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ያቀረባቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ተሸልመዋል። ከእነዚህ አንዱ በሐዘን አፈር በፊቷ ላይ የምትበትን ሴት ያሳያል። ምስሉ ሐዘኗን ያለ ቃል ይናገራል፤ ሐዘኑ የማን እንደሆነ፣ ቦታውም አውሮፕላኑ የወደቀበት መሆኑን የሚነግረን ግን ጽሑፉ ነው።

መግለጫው ሲጎድል ምን እንደሚከተል የኬቨን ካርተር ፎቶግራፍ ያሳያል። በሱዳን አዮድ አካባቢ በረሃብ የወደቀች ሕፃንንና በአቅራቢያዋ የቆመ ጥንብ አንሳን የሚያሳየው ይህ ምስል እ.ኤ.አ. በማርች 1993 በኒው ዮርክ ታይምስ ሲወጣ፣ አብሮት የቀረበውን ዘገባ የጻፈችው ሌላ ጋዜጠኛ ነበረች። አንባቢዎች ሁሉ የጠየቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኗ ምን ሆነች? ጋዜጣው ከቀናት በኋላ ባወጣው ማስታወሻ፣ ጥንብ አንሳው ከተባረረ በኋላ ጉዞዋን ለመቀጠል መቻሏን ፎቶግራፍ አንሺው እንደተናገረ፣ ምግብ ማከፋፈያው ጣቢያ መድረሷ ግን እንዳልታወቀ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የስፔን ጋዜጣ አካባቢው ድረስ ሄዶ ሲያጣራ፣ የሕፃኑ አባት ልጁ ወንድ እንደነበረ ተናገሩ። በዓለም የታወቀ ምስል ውስጥ ያለ ልጅ ለዓመታት ስሙም ጾታውም በትክክል አለመታወቁ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሁለቱንም የሚሠሩ አሉ። ፊንባር ኦራይሊ በሮይተርስ የጽሑፍ ዘጋቢ ሆኖ ሠርቶ ወደ ካሜራ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በኒጀር ያነሳው ፎቶግራፍም የዓመቱ የዓለም ፕሬስ ፎቶ ተብሏል። በወጪ ቅነሳ ምክንያት አንዱን ሰው ሁለቱንም ማሠራት ግን ሌላ ነገር ነው። ቺካጎ ሰን ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2013 ፎቶግራፍ አንሺዎቹን በሙሉ አሰናብቶ ዘጋቢዎቹ በስልካቸው እንዲያነሱ ማሠልጠኑን እንደ ትልቅ ጥፋት እቆጥረዋለሁ፤ በሁለት ሥራ የተወጠረ ሰው አንዱን መበደሉ አይቀርም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያችን፣ ረጅም ጽሑፍ ስለከበደዎ ሙያውን አይተዉት። ካሜራዎን ሲይዙ ግን ማስታወሻ ደብተርም ይያዙ፤ ያነሱትን ሰው ስሙን ከነአባቱ፣ ዕድሜውንና የመጣበትን ይጠይቁ፤ የስሙንም አጻጻፍ ከራሱ ያረጋግጡ። ማታ ፎቶግራፎቹን ሲመርጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በመጀመሪያው በምስሉ ላይ የሚታየውን፣ በሁለተኛው ምስሉ ሊያሳየው ያልቻለውን።