የተወገዘ ሰው ክርስትናው ይፈርሳልን?

ጥያቄ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። ይቅርታን የምትሰብክ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ስለ ምን ሰውን ታወግዛለች? የተወገዘ ሰውስ ክርስትናው ፈረሰ፣ ለዘላለምም ተለየ ማለት ነውን? ቤተሰቡስ ሊርቀው ይገባል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ። ጥምቀት የማይፋቅ ማኅተም ነውና ክርስትናው አይፈርስም፤ ንስሐ ገብቶ ሲመለስም ዳግመኛ አይጠመቅም። በነፍሱ ፍጻሜ ላይ የሚፈርደው እግዚአብሔር ብቻ ነው። የሚከለከለው ቅዱስ ቁርባንንና ሌሎች ምሥጢራትን መቀበል ነው፤ ካህን ከሆነ ደግሞ መቀደስና በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን መሥራት አይፈቀድለትም።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን (የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን) ሥርዓት ሕገ ቀኖና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፍ፣ ውግዘትን የሚመድበው ለመፈወስ ከታሰቡ ቅጣቶች ጋር ነው። በመሆኑም ባለሥልጣን በፍርድ ከማውገዙ በፊት ጥፋተኛውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቅ ይኖርበታል፤ ከእልኸኝነቱ የተመለሰውንም ከውግዘቱ አልፈታም ማለት አይቻልም። በእኔ እምነት የትምህርቱ ልብ ይህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ በግልጽ የበደለውን ሰው ከማኅበሩ እንዲለዩት ሲያዝ፣ ዓላማው የሰውዬው መንፈስ በጌታ ቀን እንዲድን እንደሆነ በዚያው ምዕራፍ (1ቆሮ. 5) ጽፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ያደረገቻቸውን ለውጦች ይቃወሙ የነበሩት ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር ያለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (ር.ሊ.ጳ.) ፈቃድ በስዊዘርላንድ፣ ኤኮን አራት ጳጳሳትን በመሾማቸው ከተሿሚዎቹ ጋር ተወገዙ። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 አራቱን ጳጳሳት ከውግዘቱ ፈቷቸው፤ ሆኖም የትምህርቱ ልዩነት ገና ስላልተፈታ ሕጋዊ አገልግሎት አልተሰጣቸውም። በሩ የተከፈተላቸው ልዩነቱ ሁሉ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ መሆኑን ልብ በይ።

በአገራችን የላቲንም የግእዝም ሥርዓት ካቶሊካውያን ስላሉ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በላቲን ሥርዓት አንዳንድ ከባድ ጥፋቶች፣ ለምሳሌ ሆን ብሎ ጽንስ ማስወረድ፣ ሕጉ የሚጠይቃቸው ሁኔታዎች ከተሟሉ ያለ ፍርድ በራሳቸው ውግዘትን ያስከትላሉ፤ ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላ ወይም ሕግ መተላለፉን ያለ ጥፋቱ ያላወቀ ግን አይቀጣም። የግእዝ ሥርዓት ምእመናን የምንመራበት የ1990ው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ግን እንዲህ ያለውን በራሱ የሚወድቅ ውግዘት አልደነገገም፤ ቅጣቱ የሚጸናው በፍርድ ወይም በውሳኔ ሲጣል ነው። ስለዚህ ማንም ጎረቤቱን «ተወግዟል» ብሎ ሊፈርድ አይገባውም።

ቤተሰብማ አይራቀው። አብራችሁት ብሉ፣ ጸልዩለት፣ ወደ ቆሞሱም (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ሸኙት። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ቢይዘው ደግሞ ካህን ለመጥራት አትዘግዩ፤ በዚያ ሰዓት ማንኛውም ካህን ንስሐ የገባውን ሰው ከኃጢአቱም ከውግዘቱም ሊፈታው ይችላል።