መልስ፦ የአቃቂ ወንዝ ጉዳይ፣ አቤት ማለት ትችላላችሁ

ወንድሜ፣ «ፋብሪካው ሌሊት ሌሊት ቀለም ያለው ውሃ ወንዙ ውስጥ ይለቃል፤ እኛ ነዋሪዎች በምን መብታችን እንከሳለን?» ብለህ ጠይቀሃል። መብቱማ አለህ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ አንቀጽ 11ን አንብበው። ማንኛውም ሰው፣ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡህ ወይም ውሳኔው ካልተዋጠልህ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ቀን ስለሚቆጠር ማመልከቻህን በጽሑፍ አስገባ፤ ቅጂው ላይ ማህተምና ቀን ሳታስመታ እንዳትወጣ።

ግን አንድ ፋብሪካ መክሰስ ብቻውን ወንዙን አያድነውም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ወንዝ፣ ከዚያ ቆቃ ግድብ፤ አዲስ አበባ የደፋችውን ታች ያለው ገበሬና ከብቱ ይጠጡታል። እዚሁ ወንዙ ዳርም ቆስጣና ሰላጣ በዚሁ ውሃ ይለማል። ጠዋት ጉሊት ላይ ውሃ ተርከፍክፎበት ሲያብረቀርቅ ስታየው፣ ምን ጠጥቶ እንዳደገ ትዝ አይልህም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም የሚባል ብረት ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም!

ስለዚህ ስትጠይቁ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይለጠፍ በሉ። ቅጣቱም የፋብሪካውን ፍሳሽ ማጣሪያ ከማንቀሳቀስ ወጪ ይብለጥ፤ አለዚያ ማጣሪያውን አጥፍቶ ቅጣት መክፈል ያዋጣቸዋል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹንም አትርሱት፣ እሱ የኛው ነው።

ፊርማ ማሰባሰብ ከጀመራችሁ እኔም እፈርማለሁ።