ስለ ፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ጠይቁ፦ ኤፍቲፒ፣ ኤስኤፍቲፒ እና ጣጣቸው

ሰርቨር ጠባቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በገባሁት ቃል መሠረት ዛሬ ስለ ፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ጠይቁኝ። ሊኑክስ ላይ ተርሚናል መክፈትና ኮንፊግ ፋይል ማስተካከል እንደማያቅታችሁ ቆጥሬ ነው የምመልሰው። ሁለት ነገር ቀድሜ ልበል። ተራውን ኤፍቲፒ፣ ማለትም የቆየውን የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል፣ ለኢንተርኔት አትክፈቱ። ፓስዎርዱም ፋይሉም ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው። ሁለተኛ፣ «አልሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ። ሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ምን ይላል?

አዲስ ገቢ፦ አንድ ማሽን ላይ ለተለያዩ ደንበኞች የየራሳቸውን የኤፍቲፒ ሰርቨር ማድረግ እፈልጋለሁ። ያለኝ አይፒ አንድ ነው። እንደ ዌብሳይት በዶሜይን ስም መለየት ይቻላል?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ጥሩ ጥያቄ። ብሮውዘር ዌብ ሰርቨርን ሲያናግር የትኛውን ዶሜይን እንደሚፈልግ አብሮ ይናገራል። የኤፍቲፒ ክላይንት፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው ፕሮግራም፣ ይህን አያደርግም። ስሙን ወደ አይፒ ቀይሮ ይገናኛል፤ ሰርቨሩ በየትኛው ስም እንደተፈለገ አያውቅም። እስካሁን የምንጠቀምበት የኤፍቲፒ ደረጃ የወጣው በ1985 ነው፤ ያኔ ዌብ የሚባል ነገር ራሱ አልነበረም። በ2014 «ሆስት» የሚባል ትእዛዝ ተጨምሯል። ግን ክላይንቱም ሰርቨሩም ካልደገፉት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፕሮኤፍቲፒዲ በሚባለው የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራም ላይ ቨርችዋል ሆስት (በአንድ ማሽን ላይ እንደ ተለየ ሰርቨር የሚታይ) ብትሠራም በተግባር የምትለያቸው በአይፒ ወይም በፖርት (በግንኙነት በር ቁጥር) ነው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፤ አንተ የምትፈልገው ቨርችዋል ሰርቨር ሳይሆን ቨርችዋል ዩዘር ነው። አንድ ሰርቨር ታቆማለህ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ዩዘር ትሰጣለህ፣ ከራሱ ፎልደር እንዳይወጣ ትቆልፈዋለህ። እነዚህ ዩዘሮች በሊኑክሱ የዩዘር ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ስማቸውና ፓስዎርዳቸው በተለየ ፋይል ወይም ዳታቤዝ ይቀመጣል። ፓስዎርዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በእሱ ተርሚናል ውስጥ አይገባም። ደንበኛ ሲሄድ አንድ መስመር ሰርዘህ ትገላገላለህ።

ኬብል፦ ሎግ ኢን አደርጋለሁ፣ ይቀበለኛል። የፎልደሩን ዝርዝር ሊያመጣ ሲል ግን ዝም ብሎ ይቆማል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ይቺን ስጠብቃት ነበር። ኤፍቲፒ በሁለት መስመር ነው የሚሠራው። ትእዛዙ በፖርት 21 ያልፋል። ፋይል ወይም የፎልደር ዝርዝር ሲሆን ግን ሌላ ግንኙነት ይከፈታል። በአክቲቭ ሞድ ሰርቨሩ ራሱ ከፖርት 20 ተነስቶ ወደ ክላይንቱ ይመጣል፤ የክላይንቱ ፋየርዎል አያሳልፈውም። ለዚህ ነው ሁሉም ፓሲቭ ሞድ የሚጠቀመው። በፓሲቭ ሰርቨሩ «በዚህ አይፒ፣ በዚህ ፖርት ና» ይላል።

ችግሩ እዚህ ነው። ፖርቱ በዘፈቀደ ስለሚመረጥ ያንተ ፋየርዎል ዘግቶታል። ሰርቨሩ ከራውተር ጀርባ ካለ ደግሞ የሚናገረው የውስጥ አይፒውን ነው፤ በ192.168 የሚጀምረውን። ክላይንቱ እዚያ ሄዶ ማንንም አያገኝም። ስለዚህ የፓሲቭ ፖርቶችን ወስናቸው፣ ለምሳሌ ከ40000 እስከ 40100። እነሱን ፋየርዎል ላይ ክፈት፣ ከራውተሩም ወደ ሰርቨሩ አሳልፋቸው። ከዚያ ኮንፊጉ ላይ የውጭ አይፒህን ጻፍ።

«ቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን) እስክጨምር ድረስ ይሠራ ነበር» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንዳንድ ፋየርዎል የትእዛዙን መስመር እያነበበ ፖርቱን ራሱ ይከፍት ነበር። አሁን ተመስጥሯል፣ ማንበብ አይችልም።

ሌሊት ወፍ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኤስኤፍቲፒ ተጠቀሙ፣ በፖርት 22 ብቻ አለቀ።

ኬብል፦ ኤፍቲፒኤስም እኮ ይመሰጥራል። ደንበኞቼ ሰርተፊኬት ነው የሚጠይቁት።

ሌሊት ወፍ፦ የኤስኤፍቲፒ ቁልፍ ምን ጎደለው? በዚያ ላይ ክሮምም ፋየርፎክስም በ2021 ኤፍቲፒን አውጥተው ጥለውታል።

ኬብል፦ በብሮውዘር ማን አፕሎድ ያደርግ ነበር ደሞ?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። ኤፍቲፒኤስ ኤፍቲፒ ላይ ቲኤልኤስ የተጨመረበት ነው። ኤስኤፍቲፒ ከኤፍቲፒ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም፤ በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ በተመሰጠረ ግንኙነት ማዘዣ) ላይ የሚሠራ ሌላ ፕሮቶኮል ነው። አዲስ የሚጀምር ኤስኤፍቲፒ ይያዝ። ደንበኛው ኤፍቲፒኤስ ካለ ኤፍቲፒኤስ። ተራውን ግን ለኢንተርኔት አትክፈቱ ብያለሁ።

የማታ ፈረቃ፦ የእኔ ኤስኤፍቲፒ ፓስዎርዱን ከተቀበለ በኋላ ወዲያው ይዘጋል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ እህቴ፣ ሎጉ? የክላይንቱን ሳይሆን የሰርቨሩን።

ጥያቄ አለኝ፦ የትኛው ሰርቨር አከራይ ይሻላል?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ማስታወቂያ አልሠራም።

ጥያቄ አለኝ፦ ዊንዶውስ ላይስ እንዴት ነው?

ሰርቨር ጠባቂ፦ አልነካውም። የሚያውቅ ይመልስልህ።

ሳተናው፦ ዚፕ ፋይል ዳውንሎድ ሳደርግ ተበላሽቶ ይመጣል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ አስኪ ሞድ ላይ ነህ፤ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ይለውጠዋል። ወደ ባይነሪ ቀይር።

ሳተናው፦ እሺ። ሌላ ደግሞ፣ ፕሮግራማችን አፕሎድ ያላለቀ ፋይል እያነሳ ይሠራበታል። ግማሽ ዳታ ይገባብናል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ላኪው በጊዜያዊ ስም ይጫነው፣ መጨረሻው ላይ «ፓርት» የሚል ቅጥያ ያለው። ሲጨርስ ስሙን ይቀይር። ፕሮግራማችሁ ቅጥያውን ይዝለል። እዚያው ዲስክ ላይ ስም መቀየር በአንዴ የሚሆን ነገር ነው፤ ግማሽ የሚባል የለውም። የፋይሉን መጠን እየለካችሁ «ማደጉን አቁሟል» አትበሉ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ማደጉን ያቆማል።

እንግዳ፦ እኔም እገባለሁ ግን ዝርዝሩ አይመጣልኝም፣ ምን ላድርግ?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ለኬብል የመለስኩትን አንብብ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ ውጡ።

ሌሊት ወፍ፦ ቪኤስኤፍቲፒዲ የሚባለው የኤፍቲፒ ሰርቨር ግን ይታመናል? የኋላ በር ተገኝቶበት አልነበረም?

ሰርቨር ጠባቂ፦ በ2011 ነው። ማውረጃው ላይ የነበረውን ስሪት 2.3.4 ሰዎች ቀይረውት ነበር። በዩዘር ስም ውስጥ የፈገግታ ምልክት ስትጽፍ በፖርት 6200 ሼል (የትእዛዝ መስጫ) ይከፈት ነበር። ቀልደኞች ናቸው መቼም። ቶሎ ተነቅቶበት ተነሳ። ከሲስተምህ የፓኬጅ ማከማቻ ጫን፣ አፕዴት አድርግ።

የማታ ፈረቃ፦ ሎጉ ተገኘ። የተቆለፈበት ፎልደር ባለቤትነት ወይም ፐርሚሽን ልክ አይደለም ይላል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ አየሽ፣ ሎግ እንዲህ ነው የሚያሳጥረው! ኤስኤፍቲፒውን የሚያሠራው ኦፕንኤስኤስኤች ዩዘሩን የሚቆልፍበት ፎልደር ባለቤቱ ሩት (የሊኑክሱ ዋና አስተዳዳሪ) ካልሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፍበት ከቻለ፣ አያስገባም። እሱ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያሉት ፎልደሮችም እስከ መጨረሻው «/» ድረስ እንደዚያው መሆን አለባቸው። አንዱን ለሩት መስጠት ረስተሻል። ሁሉንም ለሩት ስጪ። ከዚያ ውስጡ ሌላ ፎልደር ፍጠሪ፣ «አፕሎድ» በይውና ለዩዘሩ ስጪው። 777 (ለሁሉም ሰው የመጻፍ ፈቃድ የሚሰጠው) የሚል ምክር ካየሽ እለፊው፤ እዚህ ላይ እንዲያውም ችግሩን ነው የሚያመጣው።

የማታ ፈረቃ፦ ሠራ! አሁን ደንበኛው «ለምን ስገባ ያገኘሁት ፎልደር ላይ መጻፍ አልችልም» እያለ ያማርራል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ያማርር።