ወላጅና ልጅ ይዛችሁ ላሊበላ ስትሄዱ

ላሊበላን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል የሚላችሁን ሰው አትስሙ። አውሮፕላኑ ረፋድ ላይ ቢያርፍ፣ ከማረፊያው እስከ ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሻንጣ ወርዶ፣ ክፍል ተይዞ፣ የመግቢያ ትኬት እስኪቆረጥ ስድስት ሰዓት ይሞላል። ያን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ ይዘጋሉ፤ የሚከፈቱት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑ የጾም ከሆነ ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሄድ አንዳንዱ ደጅ ከዚያም በኋላ ላይከፈት ይችላል። የቀራችሁ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። በሦስት ሰዓት ደግሞ 11 ቤተ ክርስቲያን እየተሯሯጡ ከማየት ቤት ቁጭ ብሎ ፎቶውን ማየት ይሻላል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ፤ ሁለቱን ቀን ለከተማው፣ አንዱን ለዙሪያው።

ከተማው 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ጠረፍ ከተማ ለመጣ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ወይም የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ፣ የመጀመሪያው ቀን ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ በደረሳችሁበት ከሰዓት በኋላ ቤተ ጊዮርጊስን ብቻ ተመልከቱ። ብቻውን ስለሚገኝ ከሌሎቹ ጋር ማያያዝ አያስፈልግም፤ ከላዩም መጠለያ ስላልተሠራበት ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቀይ ዓለቱ ደምቆ ይታያል። መጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ የመስቀሉን ቅርጽ ተመልከቱ፣ ከዚያ በቦዩ ውረዱ። አፋፉ ላይ አጥር ስለሌለ ሕፃን በእጅ እንጂ በዓይን አይጠበቅም።

በማግስቱ ጠዋት አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት ከሚከፍለው፣ ዮርዳኖስ ከሚሉት ቦይ በስተሰሜን ያሉትን ተያያዙት፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ እንዲሁም ተያይዘው እንደ አንድ የሚቆጠሩት ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ። መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ትልቁ ነው፤ ቤተ ማርያም ግን ለዓይን የበለጠ ምግብ አላት፣ ጣሪያዋና ቅስቶቿ በሥዕል የተሞሉ ናቸውና። ጊዜ ካጠራችሁ ከመድኃኔ ዓለም ቀንሳችሁ ለማርያም ጨምሩ። ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ይህን ለልጆቻችሁ፣ በተለይ ውጭ ላደጉ ሴት ልጆች፣ ደጃፉ ላይ ሳይሆን ከሆቴል ሳትወጡ ንገሯቸው፤ በር ላይ የሚነሣ ክርክር ካህኑንም ልጅቷንም ያስከፋል።

ከምሳ በኋላ በደቡብ ወዳሉት ተሻገሩ፤ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቤተ አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ልሔም። በዚህ በኩል “ሲኦል” የሚሉት ድቅድቅ ጨለማ ዋሻ አለ። ወጉ መብራት ሳያበሩ ማለፍ ነው፤ ቀኝ እጃችሁን ግድግዳው ላይ፣ ግራ እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ አድርጉ፣ ረዥም ሰው ጎንበስ ይበል። ጉልበቱ ለሚያመው ወይም ጠባብ ቦታ ለሚያስፈራው ሰው በውጭ የሚዞር መንገድ ስላለ አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናትና አባትን “ይችላሉ” ብሎ ማስገባት ደግነት አይደለም።

ጫማ በየደጃፉ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራም ካልሲም አትርሱ፤ ምንጣፉ ውስጥ ቁንጫ አለ። ካልሲው ላይና ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ የተባይ መከላከያ ከሆቴል ስትወጡ ቀቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትርጩ። ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶች ረዥም ሱሪ። ሥዕል ላይ ፍላሽ ክልክል ነው። ጫማ ጠባቂውን በጉብኝቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ማመስገን ይበቃል። መስቀል አውጥቶ ላሳያችሁ ካህን የምትሰጡትን ደግሞ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ብትጥሉት ለሁላችሁም ክብር ነው።

ትኬቱ ላይ ብዙ ዲያስፖራ ይነጫነጫል። ለውጭ ዜጋ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከእጃችሁ የውጭ ፓስፖርት ብቻ ካለ አማርኛችሁ ማር ቢሆንም የውጭ ዜጋ ናችሁ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያላችሁ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊትም አሳዩ። አንዴ ከተቆረጠ ማስመለስ አድካሚ ነው። ካርድ ለሌለው የቤተሰብ አባል እንደ ውጭ ጎብኚ በጀት ያዙ። ትኬቱ ለተከታታይ ቀናት ስለሚያገለግል አትጣሉት።

አስጎብኚ ስትይዙ የፈቃድ ባጁን ተመልከቱ። ዋጋውን በሰው ነው ወይስ በቡድን፣ በቀን ነው ወይስ በግማሽ ቀን፣ መኪናስ አለበት ወይ ብላችሁ ለይታችሁ ተስማሙ። “እንደ ወንድም የመሰላችሁን ትሰጡኛላችሁ” የሚለው ንግግር መጨረሻው አያምርም። መንገድ ላይ መዝገበ ቃላት ግዙልኝ የሚል ልጅ ይገጥማችኋል፤ አንዳንዴ መጽሐፉ እናንተ ዞር ስትሉ ወደ ሱቁ ይመለሳል። መርዳት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ለርእሰ መምህሩ በደረሰኝ ስጡ።

በዙሪያው ካሉት አንድ ብቻ የማየት ዕድል ካላችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን ምረጡ። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም፣ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ በአክሱም ስልት የታነጸ ነው። ከጀርባው የብዙ ሰዎች አፅም ስላለ ትንንሽ ልጆችን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ወደ ሰሜን በመኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ይወስዳል፣ ከዚያ በጥድ ደን መካከል ዳገቱን በእግር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ። በዚያው መስመር ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ ስላሉ በመመለሻ ታያላችሁ፤ በጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ። ቁልፍ የያዘው ካህን እርሻ ላይ ሊሆን ስለሚችል ሾፌሩ ስታልፉ “ስንመለስ እንገባለን” ብሎ መልእክት ይተው። ብዙ ሰው ደጅ ደርሶ የሚመለሰው ይህን ባለማድረጉ ነው።

መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ነአኵቶ ለአብ ይሻላል። በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታ ተጠራቅሞ ለጠበል ይሰጣል። አሸተን ማርያም ግን ከከተማው በላይ ተራራ ላይ ናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። በእግር ለወጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዳገት ነው። በቅሎ ብትከራዩ ለመውጣት ብቻ ተጠቀሙባት፤ ቁልቁለቱ ላይ ውረዱ፣ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና። ገነተ ማርያም የይኩኖ አምላክን ዘመን ሥዕሎች ማየት ለሚሻ ነው፤ ለሌላው ሰው ግዴታ አይደለም።

ቅዳሜን ከተማው ውስጥ ሁኑ። ከላስታ ገጠር ገበሬው ጤፉንና ገብሱን፣ ማሩንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል፤ ገበያው ከረፋድ እስከ ሰባት ሰዓት ይደምቃል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ወደ ገበያ ስትሄዱ በሰፈሩ መሃል እለፉ፤ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶቹ የላስታ መለያ ናቸው፣ ቸኩሎ የሚያልፈው ሁሉ ግን አያያቸውም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ምድሩ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ዓለቱ ያንሸራትታል፣ የይምርሐነ መንገድ ይጨቀያል። ገና ሌላ ነገር ነው። ማሕሌቱ አድሮ በማለዳ በቤተ ማርያም “ቤዛ ኩሉ” ሲዘመር፣ ግማሾቹ ካህናት ማሜ ጋራ በሚባለው ዓለት አፋፍ ላይ እንደ መላእክት፣ ግማሾቹ ከታች እንደ እረኞች ሆነው ይቀባበላሉ። ታላቅ ነው፣ ግፊያውም ታላቅ ነው። ክፍል ከወራት በፊት ይያዛል፣ ዋጋውም ከአዘቦቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሕፃን ያለው ሰው ከበዓሉ አሥር ቀን ቀድሞ ቢሄድ እመርጣለሁ። ቀኑን ስታሰሉ ተጠንቀቁ፤ ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ላይ ይውላል። ጥምቀት ከጥር 11 ስለማይነቃነቅ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2020 ዓ.ም. ሁለቱንም ለማክበር የምታስቡ ትኬት ስትቆርጡ ይህን አስቡ።

አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ በመኪና በደሴና በወልድያ መምጣቱን አልመክርም፤ በአውሮፕላን ኑ። በዚያው ሳምንት ወደ ሆቴሉ ደውላችሁ የዙሪያው መንገድ ክፍት መሆኑን አጣሩ። የአገር ውስጥ በረራ ሊሰረዝ ወይም ሰዓቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከላሊበላ ስትመለሱ ከውጭ በረራችሁ በፊት አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ይኑራችሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አገር ቤት የገባ መንገደኛ በአገር ውስጥ ቅናሽ ስለሚያገኝ የዓለም አቀፍ ትኬቱን ቁጥር ያዙ። ትኬት ላይ 07:30 የሚለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሾፌሩን “ሰባት ተኩል” ካላችሁት ከምሳ በኋላ ይመጣል።

ብር በጥሬው፣ ዝርዝሩን አብዝታችሁ ያዙ፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ኤቲኤሙም ቴሌብሩም አይሠራም። ከ2013 በፊት ያስቀመጣችሁት አሮጌ 10፣ 50 እና 100 ብር አያገለግልም። አሮጌ መስቀልና ብራና “የአያቴ ነው” ብሎ የሚያቀርብ ቢመጣ አትንኩ። ከመድኃኔ ዓለም በ1989 ዓ.ም. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነው የተመለሰው። አዲስ የተሠራም ቢሆን ያረጀ የሚመስል ዕቃ ቦሌ ላይ ስለሚያስጠይቅ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ካጠራጠረም ከቅርስ ባለሥልጣን የመውጫ ፈቃድ አስወጡ። ድሮን ያለ ፈቃድ ሲገባ ይያዛል፣ እቤት ተዉት። የገዛችሁትን ማር ደግሞ በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ እንደ ፈሳሽ ተቆጥሮ ፍተሻው ላይ ይቀራል። በወፍራም ፕላስቲክ ሁለቴ አስራችሁ በሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ በልብስ ጠቅልላችሁ አድርጉት።