ካርታው ማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሁለት ልጆች አሉን። ቤቱን የሠራነው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ካርታው ግን በእሱ ስም ነው። ወንድሙ «ጉዳዩን እኔ ልጨርስልሽ» ይለኛል። የሞት ማስረጃ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እርም ያልወጣለት ሐዘን ከባድ ነው። «እግዜር ያጽናሽ» ለማለት እንኳ አፍ አይደፍርም።

የሚያስፈልግሽ የሞት ማስረጃ ሳይሆን የመጥፋት ውሳኔ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 አንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን መጠየቅ ይፈቅዳል። ሁለት ዓመቱ ስለሞላ መጠየቅ ትችያለሽ። ውሳኔው ጋብቻውንም እንደሚያፈርስ ግን አስቀድመሽ እወቂ። አስከሬኑን ያላየ ምስክር «ሞቷል» እንዲልልሽ በፍጹም አታድርጊ።

አሁን ያልጻፍሽልኝን ልጠይቅሽ። ካርታው ማን እጅ ነው? ወንድሙ ያስፈረመሽ ወረቀት አለ? ቆጣ ብዬ ከሆነ ይቅር በይኝ። ግን ባሏ የጠፋባት አንዲት እናት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ያሳየችኝን ውክልና አልረሳውም። «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» ተብላ ነው የፈረመችው። መሐሉ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ስም ለማዛወር» ይላል። ማንም አላነበበላትም። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ እነዚያ ሦስት ቃላት ያንን ሥልጣን ነው የሰጡት። ወንድሙ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ደግ ቢሆንም ሳታነቢና ለጠበቃ ሳታሳዪ አትፈርሚ። ፈርመሽ ከሆነ ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል። በሰጠሽበት ውልና ማስረጃ ሽሪው፤ ለእሱም ለማዘጋጃ ቤቱም በጽሑፍ አሳውቂ። ነገ ዛሬ አትበዪ።

ሌላው፣ ብዙ ሴቶች «ወራሽ ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። አንቺ ግን የቤቱ ባለቤት ነሽ! በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት፣ በአንድ ሰው ስም ቢሆንም፣ የጋራ ነው፤ ግማሹ ያንቺ ነው። የእሱን ድርሻ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ልጅ እያለ ወንድም አይወርስም።

የጋብቻ ማስረጃሽን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ ቤቱ ሲሠራ የተከፈለበትን ደረሰኝ ሰብስቢ። ቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎችን ያፈላልጋል፤ አመልክተሽ ከነበረ ወረቀቱን አትጣዪ። ለጠበቃ አቅም ካነሰሽ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። ከሁሉ በፊት ግን ካርታው ወንድሙ እጅ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ እንዲመልስልሽ ጠይቂው።