ኮምቦልቻ ቁርስ ቤት ልክፈት ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ሥራዬን ለቅቄ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ቁርስ ቤት ልከፍት ነው፤ እንደ ኮሮና ያለ ነገር ቢመጣስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በ2012 ደሴ ላይ ያንኑ አድርጌ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። ስለ ንግድ ፈቃዱና ስለ ዕቃው ሌሎች ይነግሩሻል።

1. ውል በጽሑፍ ይሁን። ደሴ ውስጥ ሸዋበር ሰፈር አንድ ቤት ተከራየሁ። ፊቱ ቁርስ ቤት፣ ጓዳው መኝታዬ። አከራይዋ የእናቴ ወዳጅ ስለሆነች ውል መጠየቅ ነውር መሰለኝ። በየካቲት የስድስት ወር ኪራይ ቆጥሬ ሰጠኋት። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ቡና ጠጥተን ተመራርቀን ተለያየን።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጠዋት ጠዋት ፉል የሚበሉልኝ መምህራን ጠፉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ። ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ክልክል ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ እልል አልኩ።

ግንቦት ላይ አከራይዋ መጣች። «ልጄ ከአረብ አገር ልትመለስ ነው። ወይ ልቀቂ፣ ወይ ጨምሪ።» ክፉ ሴት አይደለችም። ልጅቷ የምትልከው ብር ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ቤቱ የሚተዳደረው ደግሞ በዚያ ነበር። ለወሎ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

አቤት ልል አንድ ቢሮ ሄድኩ። በሩ በገመድ ታስሯል፤ ሰውዬው የሚያናግረው በመስኮት ነው፣ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ። «ውል አምጪ» አለኝ። የለኝም፣ ጎረቤት ይመስክርልኝ አልኩ። «ታዲያ ተከራይ መሆንሽን በምን ልወቅ? እንግዳ ሆነሽ ከርመሽ ቢሆንስ?» ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሲያየኝ መስኮቱን ዘጋ። የከፈልኩት ኪራይ ሁለት ወር እየቀረው ድስቴን ተሸክሜ ወጣሁ። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

2. ማን እንደሚገዛሽ እወቂ። መምህራኑ ቤታቸው ተቀምጠውም ደመወዛቸው አልቀረም፤ የቀረው የእኔ ፉል ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስፌት ላይ ነበረች። ከውጭ የሚመጣ ትዕዛዝ ተሰረዘ ብለው ፈረቃ ቀነሱባቸው። አዋጁ ሠራተኛ ማሰናበት ስለከለከለ ከደመወዝ መዝገብ አልወጣችም። ኦቨርታይሙ ግን ቀረ፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በኦቨርታይም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጥታ እናቷን ትጠይቅ ነበር፤ መኪና በግማሽ እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሲሆን ያንንም ተወችው። ጠዋት ፓስቲ መግዛት ትታ ከቤት ቆሎ በፌስታል ይዛ ትወጣ ጀመር። ልብ በይ፣ አንቺ ቁርስ ልትሸጪላት ያሰብሽው ለእሷ ነው።

አስተናጋጄስ? መዝገብም ውልም አልነበራትም። «ሲሻል እጠራሻለሁ» ብዬ በአንድ ሳምንት ሂሳብ ሸኘኋት። አልጠራኋትም። አከራይዋ ውል አልሰጠችኝም እያልኩ ስከስ፣ እኔስ ለዚች ልጅ መቼ ሰጠኋት? እውነት ለመናገር ይሄ ከኪራዩ በላይ ይቆጨኛል።

3. እጅሽን አታጣጥፊ። ይሄ እንኳን ምክር ሳይሆን ጉራዬ ነው። ረመዳን የገባው በሚያዝያ፣ ገና ሳልባረር ነበር። ሁሉም ቤቱ ነው የሚያፈጥረው። ሳምቡሳውን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ፣ ሾርባውን በፔርሙስ ይዤ ከመግሪብ በፊት በየበሩ አደርስ ነበር። አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ብሩን ደፍ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ እኔም ጥቅሉን እዚያው አስቀምጬ ዞር እላለሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ ደንበኞቼ በስልክ ተከተሉኝ፣ በእናቴ ጓዳ ቀጠልኩ። እንዲያውም በዚያ ወቅት የቀናው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው። ማስክ ሲሰፋ ውሎ ሲሰፋ ያድር ነበር፣ ማሻ አላህ።

አራተኛም ነበረኝ፣ ረሳሁት። ብቻ አብሽሪ፣ ክፈቺው። ሥራሽን ግን ለጊዜው አትልቀቂ፤ ጠዋት የምትቆምልሽ ሰው ቅጠሪ፣ ለእሷም ፈርሚላት። ለአከራዩ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ ውሉን ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።