እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው ወሬው የሚመጣው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ ቤት እስክደርስ ሲያብሰለስለኝ ነበር። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሂውስተን ትኖሪያለሽ፤ ባለቤትሽ የሉዊዚያና ሰው ነው። እናቱ 81 ዓመታቸው ሲሆን ሉዊዚያና ገጠር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆችሽ የአያታቸውን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም፤ አያትየውም ሲጠየቁ «የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ነው፣ ምን ያደርግላችኋል» ይላሉ። በዚያ ላይ አውሎ ነፋስ ጣሪያቸውን ገንጥሎባቸው እርዳታ ቢጠይቁ «ቤቱ በስምዎ አይደለም» ተብለው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልለምንም ብለው ሰማያዊ ሸራ ሥር ተቀምጠዋል። «ከቋንቋው ልጀምር ወይስ ከጣሪያው?» ነው ያልሽው።

ከጣሪያው። ግን ስትሄጂ የድምፅ መቅጃ ያዢ።

እኔ ላፋዬት ከተማ አጠገብ 14ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። የምነግርሽን የተማርኩት ግን ሥራ ላይ ሳይሆን ከጎረቤቴ ነው። ሰማንያዎቹን ያጋመሱ ክሪዮል ናቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። መጀመሪያ ቀን አምልጦኝ እንደዚያ ስጠራቸው ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ፤ ለካ እሳቸውም እናታቸውን «ማማ» እያሉ ነው ያደጉት።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር። «ካጁን ናቸው መሰለኝ» ያልሽውን አማትሽ ፊት እንዳትደግሚው። ካጁኖቹ እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከአካዲያ ያባረሯቸው ፈረንሳዮች ልጆች ናቸው። ክሪዮል የሚለው ስም ብዙ ታሪክ ያለው ቢሆንም፣ እንደ አማትሽ ላሉት የአፍሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የስፔንና የነባሩ ሕዝብ ደም የተቀላቀለበት የካቶሊክ ማኅበረሰብ ስም ነው። ጎን ለጎን ስለኖሩ ምግቡም ሙዚቃውም ተወራርሷል፤ ሆኖም አንዱን በሌላው ስም ብትጠሪ የሚቀየም አለ። እኛስ የማንም ስም ሲለጠፍብን እንወዳለን እንዴ?

ቋንቋው ደግሞ የተሰባበረ ምናምን አይደለም። ኩሪ-ቪኒ ይባላል። «ኩሪ» መሄድ፣ «ቪኒ» መምጣት ማለት ነው፤ ስሙም ከነዚህ ሁለት ቃላት የመጣ ነው። በባርነት የመጡ አፍሪካውያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ቃል ወስደው በራሳቸው ሰዋስው ያቆሙት ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ተናጋሪው ከ10,000 በታች ነው፣ አብዛኛውም አዛውንት። ሁሉም ክሪዮል ግን ኩሪ-ቪኒ አይናገርም፤ የሉዊዚያና ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገሩም ብዙ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አማትሽ «እኔ» ሲሉ አድምጪ። «ሞ» ካሉ ኩሪ-ቪኒ ነው፤ «ዠ» ካሉ ፈረንሳይኛው ነው። ይህን ሳታጣሪ ለልጆችሽ መማሪያ ብትገዢ ገንዘብሽን ትጥያለሽ። እኔ ጥዬዋለሁ።

ለምን እንደሚያፍሩ ብታውቂ አትፈርጂባቸውም። በ1921 የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። በቤታቸው ቋንቋ የተናገሩ ልጆች ይገረፉ ነበር፣ ይንበረከኩ ነበር፣ «ሁለተኛ አልናገርም» እያሉ ገጽ ሙሉ ይጽፉ ነበር። ክሪዮሎቹ ላይ ደግሞ የዘር መድልዎው ተደረበ። በዚያ ያለፈ ወላጅ ልጁን ከዱላ ለማዳን ሲል ቋንቋውን ደበቀው። በ1974 የወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝቡን ቋንቋና ባህል የመጠበቅ መብት አውቋል፤ ያን ጊዜ ግን እነ እማማ ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማሳደግ ጀምረው ነበር።

ስለዚህ «በቋንቋዎ አንድ ነገር ይበሉ» ብትያቸው አፋቸው ይያዛል። ሁለት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። የከፈተው ጋምቦ የሚሉት ወጥ ነው። አንድ ቅዳሜ አብረን እንሥራ አሉኝ። መጀመሪያ ዱቄቱ በዘይት ይቁላላል፤ «ሩ» ይሉታል። ቀለሙ ቸኮሌት እስኪመስል ከአርባ ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው፤ እንደ እኛ ቁሌት ዞር ካልሽ አለቀልሽ፣ ያርራል። እሳቸው ያማስላሉ፣ እኔ ባሚያ እከትፋለሁ። ጋምቦ የሚለው ስም ራሱ ከአፍሪካ ቋንቋዎች የመጣ የባሚያ ስም ነው። አሶሳ ሳለሁ ባሚያ እንበላ እንደነበር ነገርኳቸው። ማማሰያውን እንደያዙ ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ ድስቱ እያዩ እናታቸው ሜዳ ላይ ያሉትን ልጆች እንዴት ትጠራ እንደነበር ጮክ ብለው አሰሙኝ፦ «ቪኒ ማንጄ!» ኑ ብሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! የመቆንጠጫው፣ የዶሮው ቤት፣ የጉድጓዱ ውሃ ስም፣ ከነስድቡ። እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረ አፋቸው ነፃ ወጣ።

ጣሪያውን አስቀድሚ ያልኩሽም ለዚህ ነው። የቤቱ ወረቀት ሲወጣ የቤተሰቡ ታሪክ አብሮ ይወጣል። «ይህን ቤት ማን ሠራው? መሬቱ የማን ነበር? ስንት ልጅ ነበራችሁ?» የሚለውን ማመልከቻው ራሱ ይጠይቃል። እማማ የአያታቸውን የክርስትና ስም የነገሩኝ ለፎርም እንጂ ለባህል ብዬ ስጠይቃቸው አልነበረም።

«ቤቱ በስምዎ አይደለም» የተባሉት እዚህ አገር የተለመደ ጣጣ ነው። ቤቱ ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ ይመጣል፤ ውርሱን በፍርድ ቤት ያስከፈተ የለም፤ ሰነዱ ላይ ያለው ስም ከሞተ ስድሳ ዓመት የሆነው ሰው ነው። ካትሪና ከተባለው አውሎ ነፋስ በኋላ፣ በ2005፣ በዚህ ሰበብ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል። ፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ እርዳታ መሥሪያ ቤት) በ2021 የማስረጃ ደንቡን አላልቷል፤ የንብረት ግብር ደረሰኝ፣ የጥገና ደረሰኝ ይቀበላል፤ ለወረሱት የቤተሰብ ቤት ሌላው ሁሉ ከጠፋ የራስን የጽሑፍ መግለጫም ያያል። እምቢታው የመጣበትን ደብዳቤ ፈልጊ፤ ይግባኙ ብዙውን ጊዜ በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አንስቶ 60 ቀን ነው። ቀኑ ካለፈም ደውለሽ ጠይቂ፣ ዝም አትበይ።

ውርሱንም በጎን አስጨርሱት። ሉዊዚያና ውስጥ የሟቹ ንብረት ግምት ከ125,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ፍርድ ቤት ሳይኬድ በመሐላ ቃል የሚያልቅበት መንገድ አለ። ገንዘብ ለሌለው ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች ይህን ይሠራሉ። የማን በር እንደሚንኳኳ ካላወቅሽ 211 ደውዪ፤ ነፃ ነው፣ የሚኖሩበትን ፓሪሽ ትነግሪያቸዋለሽ (ቴክሳስ ካውንቲ የምትሉት እዚህ ፓሪሽ ነው)፣ ቅርብ ያለውን ይጠቁሙሻል። የምግብና የመጓጓዣ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በየፓሪሹ የአረጋውያን ምክር ቤት አለ፤ ትኩስ ምሳ ቤት ድረስ ያመጣል፣ ሐኪም ቤት ያደርሳል።

አማትሽ ግን «አልለምንም» ብለዋል። ይህን ግድግዳ እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ሦስት ሴቶች ሆነን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «የመረጃ ቀን» አዘጋጀን። ወረቀት በቀለም አሳተምን፣ ዶናት ገዛን። ሰባት ሰው መጣ፤ አራቱ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ነበሩ። እማማ «እዚያ የሚሄድ የቸገረው ሰው ነው» አሉኝ፤ እሳቸው ቤት የዝናብ ባልዲ ሁለት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ።

በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን ገለበጥነው። በፈረንጆቹ ዐቢይ ጾም በየዓርቡ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ ውስጥ ዓሣ ይጠበሳል፤ ሰው ሁሉ ይመጣል፣ የቸገረውም ያልቸገረውም። ቄሱን አስፈቅደን ቡናው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ዘረጋን። ባነር የለ፣ «እርዳታ» የሚል ቃል የለ። ጠረጴዛው ላይ ያደረግነው የቆዩ የሰርግና የመኸር ፎቶዎችን ነው፤ «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» የሚል ጽሑፍ ብቻ። አንዲት ሴትዮ ፎቶ ላይ አጎቷን አየችና ተቀመጠች፤ ስለ አጎቷ ጀምራ ስለ መሬቱ ቀጠለች፤ መሬቱ ላይ ስትደርስ ከጎኔ የተቀመጠችው የሕግ እርዳታ ሠራተኛ ብዕሯን አነሳች። የዚያን ምሽት ዓሣው ሲያልቅም ወረፋ ነበር። እማማ ግን አልተሰለፉም፤ እቤታቸው ስንደርስ ነው «ያቺ ልጅ ነገ ትምጣልኝ» ያሉኝ።

ደግሞ መረዳዳት ለነሱ እንግዳ አይደለም። ቤት ሲሠራ፣ ሰብል ሲሰበሰብ ጎረቤት የሚወጣበትን «ኩ ደ ማን» ይሉታል፤ ያው ደቦ ነው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መዋጮ እየሰበሰቡ የታመመ የሚያሳክሙ፣ የሞተ የሚቀብሩ ማኅበራት ነበሯቸው። እድር በይው፣ ቀብሩ በሙዚቃ ጓድ ከመሆኑ በቀር። ስለዚህ ለአማትሽ «እርዳታ ይቀበሉ» አትበያቸው። «የእርስዎ ወረቀት ካለቀ የጎረቤትዎን ለመጨረስ መንገዱን እናውቀዋለን» በያቸው። እማማ ላይ የሠራው ይሄ ነው።

ስለ ቀረጻው አንድ ኪሳራዬን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጂዎች የሉኝም። ስልኬ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ገብቶ ነው፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኳቸውም ነበር። «ቪኒ ማንጄ»ን መልሰው ነገሩኝ፣ ግን እንደዚያን ቀን አላሉትም። ስለዚህ የዚያኑ ዕለት ሁለት ቦታ ገልብጪ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በግልጽ አድርጊ፤ ፈቃዳቸውን ሳትጠይቂ አትቅጂ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሪ። ቤተሰቡ ከተስማማ ላፋዬት ያለው የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ የካጁንና የክሪዮል ድምፆች መዝገብ አለው፤ ጠይቂያቸው። እዚያው እያለሽ በ1934 የተቀዱትን የ«ዡሬ» መዝሙሮች አድምጪ። በጾም የሙዚቃ መሣሪያ ስለማይነካ በጭብጨባና በእግር ምት ብቻ የሚዘመሩ ናቸው። ያለ ከበሮ የጾም ወራት ላሳለፍን ለኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ልጆቹ? መማሪያ ደብተር ይዘሽ አትጀምሪ። የኔዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ስወስዳቸው እንዴት እንደሚነጫነጩ እኔ ነኝ የማውቀው። የፈረስ ጉዞ ውሰጃቸው። ክሪዮሎቹ ከጥንት ከብት ጠባቂዎች ናቸው፤ ዛሬም ቅዳሜና እሑድ በፈረስና በሠረገላ ይወጣሉ፣ ከኋላ ዛይዴኮ የሚባለው የክሪዮሎች የጭፈራ ሙዚቃ እየተጫወተ። የዛይዴኮ ስም የመጣው «ፎሶሊያው ጨው የለውም» ከሚል አባባል ነው ይባላል፤ ድስቱ ውስጥ የሚጨመር ጨው የተቀባ ሥጋ እንኳ የለም ማለት ነው፣ ድህነቱን ነው። ለልጆች ይህን ስትነግሪያቸው ቃሉን አይረሱትም። እናንተም ሩቅ አይደላችሁም፤ ሂውስተን ፊፍዝ ዋርድ ውስጥ ከሉዊዚያና የመጡ ክሪዮሎች በ1922 የመሠረቱት ፍሬንችታውን የሚባል ሰፈር አለ።

አማትሽ የሚኖሩት የትኛው ፓሪሽ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ሴንት ማርቲን ወይም ሴንት ላንድሪ ከሆነ ያቺን የሕግ እርዳታ ልጅ አገናኝሻለሁ። የእምቢታውን ደብዳቤ ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪ፣ እዚህ አትለጥፊው፤ ቁጥራቸው አለበት። ስትሄጂ ደግሞ ባሚያ ይዘሽ ሂጂ።